ሰኔ 30 ሊደርስ ነው፣ የቦይ ፕሮጀክቱ ግማሽ ላይ ነው፦ በጀቱ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ ከጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም። የበጀት፣ የግዥና የግንባታ ሥራ የምታውቁ ሰዎች አስተያየት እፈልጋለሁ። ጉዳዩ ደሴ ላይ እየተሠራ ያለ የድንጋይ ግንብ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነው። ለ2018 በጀት ዓመት በሒሳብ መደብ 6324 (የመሠረተ ልማት ግንባታ) ላይ 4,200,000 ብር ተይዞለታል። ውሉ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት 3,500,000 ብር፣ ከነታክሱ 4,025,000 ብር ነው። የተፈረመው መጋቢት መጨረሻ ላይ ሲሆን 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ፣ ማለትም 1,050,000 ብር፣ በዋስትና ተከፍሏል። ዛሬ ግንቦት አጋማሽ ላይ ሥራው 35 በመቶ ነው። በዚህ አካሄድ ሰኔ 30 ላይ 60 በመቶ ቢደርስ ነው።

የሚሰማው ምክር ሦስት ዓይነት ነው። ፑል (የመሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ በጋራ የሚይዘው የፋይናንስ ክፍል) «ሰኔ 30 ድረስ ያልተከፈለው ይመለሳል» ይላል። ተቋራጩ «ሰርተፊኬቱን (የተሠራው ሥራ ተለክቶ ክፍያ የሚጠየቅበትን ሰነድ) 90 በመቶ አድርጋችሁ ክፈሉኝ፣ የቀረውን ሐምሌ ላይ እጨርሰዋለሁ» ይላል። ሌሎች ደግሞ «ገንዘቡ ከሚመለስ፣ የተረፈውን ወደ ነዳጅና ጽሕፈት መሣሪያ አዙሩት» ይላሉ። የትኛው ነው የሚያስኬደው? የቀረው 40 በመቶስ በምን ገንዘብ ያልቃል?

መልስ 1፦ የፑል ሒሳብ

አብሽሩ፣ መንገድ አለው። ከሦስቱ ምክሮች ሁለቱን ግን ከአሁኑ ተዉአቸው፤ ፑል ያለው ደግሞ ግማሹ ብቻ ነው ትክክል።

ሰኔ 30 የሚያበቃው ገንዘቡ ሳይሆን የማውጣት ፈቃዱ ነው። ምክር ቤት ያጸደቀላችሁ በዚያ ዓመት፣ በዚያ መደብ፣ እስከዚያ መጠን እንድታወጡ ነው። ዓመቱ ሲዘጋ ጥሬ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ካለ «ከወጪ ቀሪ» ይሆናል። እንደገና የሚወጣው በአዲሱ ዓመት በጀት ውስጥ ምንጭ ሆኖ ሲጸድቅ ነው። አንድ የክልል ቢሮ ለዚሁ ፕሮጀክት ብሎ የላከው ከሆነ ግን ቀሪው ወደ ላከው ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የምታጣሩት የ4,200,000 ብሩን ምንጭ ነው። ከጥቅል ድጎማ ነው? ከከተማ አገልግሎት ገቢ ነው? ወይስ ከፕሮግራም?

ሁለተኛው ነገር የችሮታ ጊዜ ነው። እስከ ሰኔ 30 ድረስ የተሠራና የተለካ ሥራ ክፍያው እስከ ሐምሌ 30 ድረስ በ2018 በጀት ሊፈጸም ይችላል። የሚቆጠረው ቼኩ የተጻፈበት ቀን ሳይሆን ሥራው የተሠራበት ቀን ነው። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። ሐምሌ 10 የተሠራን ሥራ ሰኔ 28 እንደተሠራ አድርጎ ያቀርባል፤ ኦዲተሩ የሳይት መዝገቡን ሲከፍት ያ ቀን ዝናብ እንደነበረና ሠራተኛ እንዳልነበረ ተጽፎ ያገኘዋል።

አሁን ስሌቱ፦ ሰኔ 30 ላይ ሥራው 60 በመቶ ቢለካ 2,100,000 ብር ነው። 15 በመቶ ታክስ 315,000 ሲጨመር ከበጀቱ የሚቀነሰው 2,415,000 ብር ይሆናል። ከቅድመ ክፍያው 630,000 ብር ይቆረጣል፤ 420,000 ብር ገና ያልተቆረጠ ተሰብሳቢ ሆኖ ወደ 2019 ይሻገራል። ሪቴንሽን (ለሥራው ጥራት መያዣ ከክፍያ ተቀንሶ የሚቆየው) 5 በመቶ ማለት 105,000 ብር ሲሆን እሱም ወጪ ተደርጎ ተመዝግቦ በተቀማጭ ይያዛል። በ2018 በጀት ላይ ያልተሠራበት 1,785,000 ብር ፈቃድ ያበቃል።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው የ2019 ጥያቄ ላይ ነው። የቀረው 40 በመቶ 1,400,000 ብር፣ ከነታክሱ 1,610,000 ብር ነው። አንዳንዱ ባለሙያ «420,000 ቀድመን ከፍለናል» ብሎ 1,190,000 ብር ብቻ ያስይዛል። ለጥሬ ገንዘብ ይህ ልክ ነው፤ ለበጀት ግን አይሆንም። ቅድመ ክፍያ ሲከፈል ተሰብሳቢ እንጂ ወጪ ሆኖ አልተመዘገበም። ወጪ የሚሆነው በሰርተፊኬት ሲወራረድ ነው፤ ሲወራረድም በጀት ይፈልጋል። 1,190,000 ብቻ ከተያዘ የመጨረሻው ሰርተፊኬት ሲመጣ አይቤክስ (የመንግሥት የበጀትና የሒሳብ ሶፍትዌር) ላይ 420,000 ብር ይጎድላችኋል። በየዓመቱ በኦዲት ሪፖርት «ያልተወራረደ ተሰብሳቢ» ተብሎ የሚጠራው ገንዘብ ጥቂት የማይባለው እንዲህ የተወለደ ነው። ስለዚህ 1,610,000 ብር አስይዙ።

ወደ ነዳጅና ጽሕፈት መሣሪያ ማዞር የሚባለው አይሆንም። ከመደበኛ ወደ ካፒታል ማዛወር ሊፈቀድ ይችላል፤ ከካፒታል ወደ መደበኛ ግን ክልክል ነው። 6324 ወደ 6217 (ነዳጅ) ወይም 6212 (ጽሕፈት መሣሪያ) አይሄድም። ዕቃው ሳይገባ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ቆርጦ ሰኔን መሻገር የሚባለውን ማንም እንዳይመክራችሁ። ግምጃ ቤት ውስጥ የሌለ ወረቀትና ቶነር በሰነድ ላይ ብቻ ይኖራል፣ ቆጠራ ሲመጣ ደግሞ ንብረት ክፍሉ ነው የሚጠየቀው።

መልስ 2፦ ውኃ ልክ

ስለ 90 በመቶ ሰርተፊኬቱ ልጨምር። ከሕጉ በፊት መሬቱ ራሱ አይፈቅድላችሁም።

ደሴ ላይ ቦይ ማለት ቁልቁለት ማለት ነው። ክረምቱ ሐምሌ ሲገባ ከላይ የሚወርደው ውኃ ያልተጠናቀቀውን ጫፍ ነው የሚፈልገው። ግንቡ ቆሞ ጀርባው በአፈር ተሞልቶ ካልተጠቀጠቀ ውኃው ከቦዩ ውጭ በግንቡ ጀርባ ይሄዳል፤ ከመሠረቱ ሥር አፈሩን ይወስድና ግንቡ ወደ ውስጥ ይተኛል። መስከረም ላይ ስትመለሱ የተከፈለበት ግንብ የለም፣ የተለካበት ምልክትም የለም። ያኔ 90 በመቶ ብሎ የፈረመው መሐንዲስ ያልተሠራውን እንደተሠራ አድርጎ ያረጋገጠ ሰው ነው። «ጎርፍ ወሰደው» ማለትም አያድነውም። ካልነበረ ሥራ ላይ የሚወሰድ ነገር የለምና።

ከዚህ ይልቅ በቀሩት ስድስት ሳምንታት የሥራውን ቅደም ተከተል አስተካክሉ። ቦይ የሚሠራው ከመውጫው ጀምሮ ወደ ላይ ነው። ከላይ የተጀመረ ከሆነ መሐል ላይ ያለው ቁፋሮ ኩሬ ይሆናል። ተቋራጩ አዲስ መቶ ሜትር ከመቆፈሩ በፊት የተቆፈረውን ይገንባ፣ የተገነባውን ጀርባ ይሙላ፣ ይጠቅጥቅ፣ ወለሉን ይለስን። ቁፋሮ ለተቋራጭ ቀላሉና በቶሎ ክፍያ የሚያስገኘው ሥራ ስለሆነ ሰኔ ላይ ሁሉም ቁፋሮ ይወዳል። ተቆጣጣሪው ሰኔ 10 ላይ «ከዚህ በኋላ አዲስ ቁፋሮ የለም» ብሎ በሳይት ትእዛዝ ይጻፍ። ቁልቁለቱ ጠንካራ በሆነበት ቦታ ዲዛይኑ ላይ ያሉት መውረጃ ደረጃዎች ሳይሠሩ ዝናብ እንዳይመጣ፤ የውኃውን ኃይል የሚሰብሩት እነሱ ናቸው።

መለኪያውን በተመለከተ ደግሞ የጋራ ልኬት አድርጉ፦ ተቆጣጣሪ፣ ተቋራጭ፣ የባለቤት መሥሪያ ቤቱ ተወካይ። ልኬቱ በየሃያ ሜትሩ ይሁን፤ ጥልቀት፣ የላይና የታች ወርድ፣ የግንብ ውፍረት ይለካ። ቴክኦፍ ወረቀቱ (የልኬት መመዝገቢያው) ላይ ሦስቱም በየገጹ ይፈርሙ። አፈር የሚሸፍነው ነገር ሁሉ፣ በተለይ የመሠረቱ ጥልቀት፣ ከመሸፈኑ በፊት ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሣ። በኋላ ክርክር የሚነሣው ዓይን በሚያየው ላይ ሳይሆን በተሸፈነው ላይ ነው።

1ኛውን ሰርተፊኬት ደግሞ አሁን አቅርቡ፣ ሰኔ መጨረሻን አትጠብቁ። አሁን ባለው 35 በመቶ የተሠራው 1,225,000 ብር ነው። ከዚያ ቅድመ ክፍያ 367,500፣ ሪቴንሽን 61,250 ሲቀነስ 796,250 ብር፣ ታክስ 183,750 ሲጨመር 980,000 ብር ተከፋይ ነው። ይህ ቅድመ ክፍያው ላይ ታክስ ካልተከፈለ ነው፤ ዊዝሆልዲንጉን (ከክፍያ ላይ ቀድሞ የሚቆረጠውን ግብር) ፑል ይቆርጣል። ይህን ገንዘብ ግንቦት ላይ ያገኘ ተቋራጭ ሰኔ ላይ ሲሚንቶና ድንጋይ ያስገባል። ሰኔ 27 የሚያገኘው ግን ሥራውን ለማፋጠን አይጠቅመውም።

መልስ 3፦ ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ከላይ ያሉት ልክ ናቸው። ግን ሁለቱም ገንዘቡ ባንክ ውስጥ እንዳለ አድርገው ነው የተናገሩት። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሁለት ኪስ አላቸው። አንዱ ከክልል የሚመጣው ጥቅል ድጎማና መደበኛ ገቢ ነው፤ የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ እዚያ ላይ ነው። ሌላው የከተማ አገልግሎት ገቢ የምንለው ነው፦ ሊዝ፣ የጣሪያና ግድግዳ፣ የገበያና የሱቅ ኪራይ፣ የአገልግሎት ክፍያዎች። ኮብልስቶን፣ ቦይ፣ የመንገድ መብራት በአብዛኛው ከሁለተኛው ኪስ ነው። ይህ ኪስ ደግሞ ሐምሌ ላይ ሲጸድቅ ገንዘብ የለውም፤ ያለው የገቢ ዕቅድ ነው። ከዕቅዱ የተሰበሰበው ሰባ በመቶ ከሆነ የጸደቀላችሁ 4,200,000 ብር በወረቀት እንጂ በባንክ ሙሉ አይደለም። የሊዝ ጨረታ ደግሞ አንድ ዓመት ይሞቃል፣ አንድ ዓመት ይቀዘቅዛል። ገንዘቡ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ካፒታል ነው፤ ደመወዝ አይዘገይምና። በመስከረም 2018 የተጀመረው የደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛውን ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ሲያሳድግ የመንግሥት የጡረታ መዋጮ 11 በመቶውም አብሮ አድጓል። መደበኛው ሲያብጥ ሁለተኛውን ኪስ የመንካት ፈተና ይመጣል። ይህን ምክር ቤቱ በግልጽ መጠየቅ አለበት፣ ምክንያቱም ነጋዴው ለገበያ ቦታው የከፈለው ገንዘብ ተመልሶ ገበያውን መጥረግና ማፋሰስ አለበት።

ስለዚህ ከፑል የምትጠይቁት «በጀት አለን ወይ?» ብላችሁ አይደለም። «የኛ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ዕቅድ ለግንቦትና ሰኔ ስንት ይላል? እስካሁን ስንት ተለቀቀ?» በሉ። መልሱን በደብዳቤ ተቀበሉ። ገንዘቡ የማይለቀቅ ከሆነ ተቋራጩን ማጣደፍ ዕዳ መፍጠር ነው። ባልተከፈለ ሰርተፊኬት ላይ በውሉ መሠረት የዘገየ ክፍያ ወለድ ሊጠይቅ ይችላል፣ ጊዜ ማራዘሚያም ይጠይቃል፣ ሁለቱም ያስፈርዱለታል።

ከመንገድ ፈንድ እናሟላው የሚል ሰው ካለ ደግሞ አይሆንም። ያ ገንዘብ ለመንገድ ጥገና ነው። የቆየ ቦይ ደለል ማውጣት ይቻልበታል፣ አዲስ ቦይ መገንባት ግን አይቻልበትም።

ጥያቄ፦ ከጦሳ ሥር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምንጩ የከተማ አገልግሎት መሆኑ ተረጋግጧል። ቦዩ በ2019 እንደ ነባር ፕሮጀክት ይቀጥላል ብዬ ልያዝ። ሁለተኛ ጥያቄ አለኝ፦ ለ2019 ሌላ አዲስ ተመሳሳይ ሥራ ታቅዷል። ውል መጋቢት ላይ እንዳይፈረም ምን ማድረግ ይቻላል? በጀቱ እኮ የሚጸድቀው ሐምሌ ላይ ነው።

መልስ 4፦ የጨረታ ሰነድ

ወሳኙ ጥያቄ ይህ ነው። ሰኔ ላይ የሚታየው ችግር የተፈጠረው ከአንድ ዓመት በፊት ነው።

ቀኖቹን እንቁጠር። የፌዴራሉ በጀት ሰኔ መጨረሻ ላይ ይጸድቃል፣ የክልሉ ከዚያ በኋላ፣ የከተማው ደግሞ ከክልሉ በኋላ። አይቤክስ ላይ ተጭኖ ለመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ እስኪደርስ ነሐሴ ይሆናል። ዲዛይን ከሌለ ያኔ ነው የሚጀመረው፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ ደሴ ውስጥ ሰርቬይ የሚሠራ ሰው ጭቃና ጭጋግ ውስጥ ነው። መስከረምና ጥቅምት ዲዛይን፣ ኅዳር የጨረታ ሰነድ፣ ታኅሣሥ ማስታወቂያ፣ ጥር ግምገማና የቅሬታ ቀናት፣ የካቲት አሸናፊ ማሳወቅና ዋስትና፣ መጋቢት ውል። የእናንተ መጋቢት ከዚህ የመጣ ነው። የደቡብ ወሎ ደጋ ደግሞ በልግ አለው። የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ይዘንባል። ስለዚህ ለግንብና ለቁፋሮ እውነተኛው ደረቅ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። እሱን በወረቀት ሥራ ጨርሰን በበልግ ቁፋሮ እንጀምራለን። ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ ሞቃት ስለሆነች ትንሽ ትሻላለች፣ ግን ዋልካ አፈር ባለበት ሰፈር እዚያም በበልግ ማሽን ይሰምጣል።

ያለው መድኃኒት ዲዛይኑን አንድ ዓመት ማስቀደም ነው። ለ2019 ለሚሠራው ቦይ የዲዛይን ገንዘብ በ2018 በጀት ውስጥ በቅድመ ግንባታ መደብ 6321 መያዝ ነበረበት። አሁን ካልተያዘ የከተማው መሐንዲሶች ራሳቸው በግንቦት ሰርቬዩን ይጨርሱ፤ ሰኔ አጋማሽ ካለፈ የመሬቱን መልክ መለካት አይቻልም። ዲዛይን፣ የሥራ ዝርዝርና የጨረታ ሰነድ ሰኔ 30 ላይ ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅተው ይጠብቁ። ምክር ቤቱ ባጸደቀ ማግስት ማስታወቂያው ይውጣ። ከበጀት ማሳወቂያ በፊት ማስታወቂያ ማውጣት ይፈቀድ እንደሆነ ገንዘብ መምሪያውን በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። ውል ግን በጀት ሳይኖር አይፈረምም። እንዲህ ከሆነ ውሉ መስከረም ውስጥ ይፈረማል፣ ጥቅምት 1 ቁፋሮ ይጀመራል።

የግምት ዋጋ ላይ ሦስት ነገር ይረሳል። የመጀመሪያው ታክሱ ነው፤ መሐንዲሱ 4,000,000 ብሎ ያቀርባል፣ ዕቅድ ክፍሉ እንዳለ ይወስደዋል፣ ጨረታው ሲከፈት ከነታክሱ 4,600,000 ይመጣል። ጨረታ የሚሰረዝበት ተራ ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛው የዋጋ ጭማሪ ነው፤ በግንቦት የተገመተ ሲሚንቶና ብረት በጥቅምት ያው አይሆንም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የውጭ ግብዓት ያለበትን ነገር ሁሉ በአሮጌ ዋጋ ማስላት ራስን ማታለል ነው። ሦስተኛውና በጣም አስቸጋሪው በመስመሩ ላይ ያለው ነገር ነው፦ የመብራት ምሰሶ፣ የውኃ ቧንቧ፣ የአጥር ግንብ። ምሰሶና ቧንቧ ለማንሣት አገልግሎት ሰጪዎቹ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃሉ፣ ተራም አላቸው። ካሳ የሚያስፈልገው ይዞታ ካለ ካሳው ሳይከፈል ሥራ አይጀመርም። እነዚህ በጀት ውስጥ የራሳቸው መስመር ከሌላቸው ተቋራጩ መጥቶ ምሰሶ ሥር ቆሞ ይጠብቃል፤ የቆመበትን ቀንም ያስከፍላችኋል።

ለአሁኑ ውላችሁ ደግሞ የዋስትናዎቹን የማብቂያ ቀን ዛሬ ተመልከቱ። ውሉ ሰኔ ላይ እንዲያልቅ ታስቦ ከሆነ የቅድመ ክፍያና የአፈጻጸም ዋስትናው ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ያበቃ ይሆናል። ከማብቃቱ በፊት ተቋራጩ እንዲያራዝም በደብዳቤ ጠይቁ፤ ካላራዘመ ከማብቂያው ቀን በፊት ለዋስትና ሰጪው የክፍያ ጥያቄ ይቅረብ። አንድ ቀን ካለፈ 420,000 ብሩ ያለ መያዣ ነው የሚቀረው። የዋስትናውን እውነተኛነትም ከሰጪው ባንክ ወይም ኢንሹራንስ በቀጥታ አረጋግጡ፤ ተቋራጩ ይዞት በመጣው ማረጋገጫ አትርኩ።

መልስ 5፦ ቋሚ ኮሚቴ

ከምክር ቤት በኩል አንድ ነገር ብቻ። የከተማው ካቢኔ የ2019 ረቂቅን ሲያቀርብ ነባር ፕሮጀክቶች የት እንዳሉ ፈልጉ። ነባሮች ሙሉ በሙሉ ሳይሸፈኑ አዲስ ፕሮጀክት የሚያስገባ ረቂቅ ብዙ ነው፤ አዲስ ሥራ የመሠረት ድንጋይ አለውና። ገንዘቡ በአሥራ አምስት ፕሮጀክት ላይ ሲበተን እያንዳንዱ 25 በመቶ ላይ ይቆማል። የአንዱ ቦይ 1,610,000 ብር ከአዲሱ ፕሮጀክት በፊት መቀመጥ አለበት። የፕሮጀክት ዝርዝሩ ላይ አምስት ዓምድ ጠይቁ፦ ጠቅላላ የውል ዋጋ፣ እስካሁን የተከፈለ፣ ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ፣ ለመጨረስ የሚቀረው፣ በዚህ ዓመት የተያዘው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች እኩል ካልሆኑ የሚያቀርበው ሰው ምክንያቱን ያስረዳ።

ነዋሪውም ይህን የመጠየቅ መብት አለው። የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት ሥራ ሲጀመር በየቦታው የተለጠፉት የበጀት ሰሌዳዎች ለዚህ ነበሩ። የቅድመ በጀት ውይይት ላይ የሚነበበው አጠቃላይ ድምር ግን ለነዋሪው ምንም አይነግረውም። «የኛ ሰፈር ቦይ ስንት ሜትር ቀረው፣ ስንት ብር ተያዘለት?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢኖር ውይይቱ መልክ ይይዛል።

መልስ 6፦ ውኃ ልክ

የረሳሁት፦ ሰኔ 30 ላይ የጋራ ልኬቱ ሲዘጋ ያልተሠራውንም ክፍል አብራችሁ መዝግቡ። ከየትኛው ጣቢያ እስከ የትኛው፣ ምን ያህል ተቆፍሮ ክፍት እንደቀረ ይጻፍ። ግንቡ ያለቀበትን ጫፍ ጎርፍ እንዳይበላው በደረቅ ድንጋይ ድርድር ዝጉት፤ ሥራው በውሉ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ከመሠራቱ በፊት በቫሪዬሽን (የሥራ ለውጥ) ትእዛዝ ይጸድቅ። ጊዜያዊ ጥበቃው ክረምቱን ካለፈ በኋላ መስከረም ላይ በዚያው ወረቀት መሠረት ሁለተኛ ልኬት ይደረግ። ሁለቱ ልኬቶች ከተለያዩ ልዩነቱ የተቋራጩ ነው ወይስ የጎርፉ የሚለው የሚለየው በሰኔው ወረቀት ነው።